በስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ባትሪ

ፋኗን ለማጥፋት የደፈረ ሰው አልነበረም።

በጋራዡ የኋላ ክፍል ውስጥ ሁለት ፖሊሶች፣ አንድ ሐኪምና አንድ አስከሬን ነበሩ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው ግን ወለሉ ላይ ከተቀመጠው የራስ ቁር የሚወጣው ድምፅ ነው። ቁሩ ጀርባ ላይ የተገጠመች፣ መዳፍ የማታክል ፋን ዝዝዝ እያለች ትዞራለች። አስከሬኑ ወንበር ላይ ተደግፏል። ዕድሜው ሃያ አምስት ቢሆን ነው። ከአንገቱ በታች ግራጫ ጥሩር ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ከሰል የመሰለ ክንፍ አለው፤ እጆቹ ጥፍራቸው አንድ ስንዝር በሚሆን ጓንት ውስጥ ናቸው። ከበር ላይ ሆኖ ላየው ብረት ነው። ቀርቦ ለነካው ግን ስፖንጅ ነው፤ ሰው ስፖርት የሚሠራበት ወፍራም ምንጣፍ ተቆርጦ፣ በሙቀት ተጣምሞ፣ በማስቲሽ ተጣብቆ፣ ቀለም ሲቀባ ብረት የሆነ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች መርማሪዋ ከበሩ ላይ።

«የአመዱ ዘበኛ ነው» አለ አንደኛው ፖሊስ። «ጌም ውስጥ ያለ ሰው ነው። ልጆቼ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ እንዳፈጠጡ ነው። የተቃጠለች ከተማ ይጠብቃል። አይናገርም። ነገ እንዲህ ዓይነት ልብስ ሠርተው የሚለብሱ ሰዎች ውድድር አላቸው አሉ።»

«ልጁስ?»

«ጥርስ ሠሪ ነው። የሰው ሠራሽ ጥርስ ቅርጽ የሚያወጣ። ጓደኞቹ ‹ጥርሴ› ነው የሚሉት።»

መርማሪዋ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «እስቲ ልሞክረው» ይሏታል። አንድን ነገር እጇ ካልነካው አታምንም። ጎንበስ ብላ ፋኗን አጠፋች። ክፍሉ ድንገት ጸጥ ሲል ሁሉም በረዥሙ ተነፈሱ።

«ሞተ የምትለው መቼ ነው?» ሐኪሙን ጠየቀችው።

«ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ባለው ውስጥ። አልተመታም፣ አልታነቀም። ምን እንደገደለው ነገ ጠዋት ነው የምነግርሽ።»

መርማሪዋ የራስ ቁሩን አንስታ ገለበጠችው። ውስጡ ራስ እንዳይጎዳ ጥቁር ለስላሳ ስፖንጅ ተለጥፎበታል። ጣቷን በስፖንጁ መጋጠሚያ ውስጥ ከታ ስትጫነው ጣቷ ቶሎ አልላቀቅ አላት። መዝጊያው ከማጅራት ላይ፣ ከአንገትጌው ሥር ነው። በመዝጊያው ዙሪያ ያለው አዲስ ቀለም ተቧጥጧል፤ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፣ በላይ በላዩ።

«እስቲ ጓንቶቹን አምጣልኝ» አለችው ፖሊሱን። «እሰርልኝ።»

ፖሊሱ የጓንቶቹን ማሰሪያ እጅ አንጓዋ ላይ አሰረላትና ቁሩን ከጀርባዋ ያዘላት። እጇን ወደ ኋላ ልካ መዝጊያውን ለመክፈት ሞከረች። ጥፍሮቹ ተንሸራተቱ። ደግማ ሞከረች። ቀለሙን ቧጨሩት እንጂ መዝጊያው ንቅንቅ አላለም።

«ይሄን ልብስ ሰው ብቻውን አይለብሰውም፤ ብቻውንም አያወልቀውም» አለች ቀስ ብላ። «የዘጋበት ሰው አለ።»

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ከደጅ አንዲት ሴት በሰው ተደግፋ ገባች። በእጇ የስኳር ቆርቆሮ ይዛለች። ፖሊሶቹ ሊያስቆሟት ቢሞክሩም እሷ ወደ ልጇ እንኳ አልሄደችም። ቀጥ ብላ መርማሪዋ ፊት መጥታ ቆመች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «ሌላ ሰው አታስቸግሩ። እኔ ነኝ።»

ቆርቆሮውን ከፈተችው። ውስጡ በመሀረብ የተጠቀለለ ባትሪ አለ።

*

እናትየዋን በጋራዡ ቢሮ ውስጥ አስቀመጧት። ውኃ ሰጧት፤ አልጠጣችም። ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ ክዳኑን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ስድስት ሰዓት ላይ ሾርባ ይዤለት መጣሁ» አለች። «ሦስት ቀን ጉንፋን ይዞት ነበር። ውድድሩ ይቅርብህ፣ ተኛ ብዬው ነበር። የት ይሰማል! እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ያን የራስ ቁር አየሁት። ከማጅራቱ ባትሪ አለው። እህቴ፣ ባትሪ እኮ ይፈነዳል። ስልክ ኪሱ ውስጥ የፈነዳበት ሰው አውቃለሁ። ይሄ ደግሞ ራሱ ላይ! አወጣሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቤት ስደርስ ቤቱንም እንዳያቃጥል ቆርቆሮ ውስጥ አደረግሁት።»

«ለልጅዎ ነገሩት?»

«ብነግረው ይመልሰዋል። ዝም ብዬ ሄድኩ። ፋኗ ደግሞ አየር የምታስገባለት ኖሯል። ታፍኖ ሞተ። በገዛ እጄ።» ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ብዙ ጊዜ አስቀድማ ያለቀሰችለትን ነገር የምትናገር ትመስላለች። «የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። እኔ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ፈርቻለሁ። መኪና ይገጨዋል ብዬ፣ ውኃ ይወስደዋል ብዬ። ለካ የምፈራው እኔን ኖሯል።»

መርማሪዋ በእጇ ያለውን ባትሪና በሐሳቧ ያለውን ፋን አስተያየች። ፋኗ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስትዞር በዓይኗ አይታለች። ግን ምንም አላለችም። ያላረጋገጠችውን ነገር ለእናት መስጠት መልሶ ለመንጠቅ ነው።

«ሾርባውን በላ?» ብላ ጠየቀች።

«ቀመሰ። ‹እማ፣ ምንም አይሸተኝም፣ አይጣፍጠኝም› አለኝ። አፍንጫው ድፍን ብሏል። ሰውነቱም አልቋል። የዚያን ልብስ ሱሪና እጀ ጠባብ ለብሶ ነበር፤ ‹ሰፋብኝ እኮ፣ ከሳሁ መሰለኝ› ብሎኝ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በሦስት ቀን ጉንፋን ሰው እንዲህ ይከሳል? ክፉ በሽታ ነው ብዬ እስከ ቤት ድረስ ስጸልይ ሄድኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ስወጣ የራስ ቁሩን እንደ ኮፍያ ደፍቶ ኳ ኳ አደረገልኝ። ያ ዘበኛ ሰላምታው እሱ ነው። አይናገርም፤ ራሱን ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። ልጄም ስድስት ወር ሙሉ ወጥ ቤት በገባሁ ቁጥር በሩን ኳ ኳ። ‹በቃህ፣ ራሴን አዞርከው› እለው ነበር።»

ክዳኑን ዘጋችው።

*

ልብስ ሰፊዋ ከውስጥ የሚለበሰውን ሱሪና እጀ ጠባብ፣ ካባውንም የሰፋች ናት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ መርፌ ከደረቷ የማይጠፋ ሴት ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፤ ምላሷ ግን አልደከመም።

«ሦስት ነን» አለች። «እሱ ቅርጹን ያወጣል፣ እኔ እሰፋለሁ፣ ቀቢው ይቀባል። ቦታውም የቀቢው ነው፤ እዚሁ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀቢ ነው። መጀመሪያ ጥርሴን በፕላስቲክና በፕላስተር ከአንገት እስከ እግሩ ጠቅልለን፣ በመቀስ ቀደን አወጣነው። በእሱ ልክ ነው ሁሉም የተቆረጠው። ለሌላ ሰው አይሆንም።»

«ያሸነፈ ምን ያገኛል?»

«ጌሙን የሠሩት ሰዎች ወስደው አንድ ዓመት ያሠለጥኑታል። ግን አንድ ሰው ነው የሚወስዱት፤ ለብሶ መድረክ ላይ የቆመውን። እኔ ግድ የለኝም፤ እኔን መርፌዬ ታበላኛለች።»

«ቀቢውስ?»

«እሱማ ‹እኔ የቀባሁትን ለብሶ አገር ሊያይ ነው› እያለ ይቀልድ ነበር።» ከደረቷ ላይ መርፌ ነቅላ መልሳ ሰካች። «ቀልድ ነበር እንግዲህ።»

«ዛሬ ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«የፊተኛው ክፍል ካባውን በስፌት መኪና እየሰፋሁ ነበር። ስምንት ተኩል ላይ ስፌቱ መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ተናድጄ የካባ ቁልፍ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ አሥር ሰዓት ሆኗል፤ መብራቱም ወዲያው መጣ። ወደ ኋላ ክፍል ስገባ ለብሶ ተቀምጧል። ፋኗ ትዞራለች።» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ፋኗ ስለምትዞር ደህና ነው አልኩ። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ቁልፉን እየተከልኩ አወራሁት። ሩብ ሰዓት ሙሉ! ቁልፍ ሻጩ እንዴት እንደተጨቃጨቀኝ ሁሉ ነገርኩት። ዘበኛው ስለማይናገር እሱም አይመልስም ብዬ… ‹ኧረ አንኳኳ እንጂ፣ ምን ትኮራብኛለህ› አልኩት እኮ። ቀርቤ ቁሩን ሳወልቅለት ነው መሞቱን ያየሁት።»

መርማሪዋ እስክትረጋጋ ጠበቀቻት።

«የራስ ቁሩን ሲያደርግ ሰው አጠገቡ ይኖራል?»

«ሕጋችን ነው። ‹ሰው ከሌለ ራስ የለም› እንላለን። ከማድረጉም በፊት ፋኗን አስነስተን ቀጭን ወረቀት እናስጠጋባታለን። ወረቀቱ ካልተሳበ ቁሩ ራስ ላይ አይወጣም። ጥርሴ በዚህ ቀልድ አያውቅም።»

መርማሪዋ ከአስከሬኑ ላይ የወለቀውን እጀ ጠባብ ከቦርሳ አውጥታ ገልብጣ ዘረጋችው።

«እስቲ ይሄን ስፌት እዪልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ አየችው። ከዚያ እንደገና አየችው። ሐዘኗ ለአንድ አፍታ ወደ ቁጣ ተለወጠ።

«ይሄ የኔ አይደለም! በጎኑ ተርትሮታል፤ መሀሉ ጨርቅ ጨምሯል፤ ያውም በምን? በማስቲሽ! ልብስ በማስቲሽ ይሰፋል? እኔ በሞትኩ ይሻለኛል!»

«ሱሪውም እንደዚሁ ነው» አለች መርማሪዋ። «ቀበቶውም አዲስ ቀዳዳ አለው።»

*

ቀቢው ደረቱ በር የሚያክል፣ ድምፁ ግን ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። በቀለም ክፍሉ ውስጥ አንድ ቀይ የመኪና በር በገመድ ተንጠልጥሏል። መሣሪያዎቹ ግድግዳው ላይ በሥርዓት ተሰቅለዋል፤ መዶሻው፣ ሞረዱ፣ የመርጫ ሽጉጡ፣ ሁሉም ላይ ቢጫ የወረቀት ፕላስተር ተጠምጥሟል።

«ይሄ ቢጫ ምንድን ነው?»

«የኔ ናቸው ለማለት ነው። ጋራዥ ውስጥ መሣሪያ እግር አለው፤ ምልክት ካላደረጉበት ይሄዳል።»

«ጨዋ አባባል ነው» አለች መርማሪዋ ፈገግ ብላ። «ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ከስምንት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ይሄን በር ሁለተኛ ቀለም ስረጭ ነበር። ማስክ አድርጌ፣ ኮምፕሬሰሩ እየጮኸ፣ ሰማይ ቢደፋ አልሰማም።»

«ኮምፕሬሰሩ አላስቸገረህም?»

«ኧረ እሱ! ከሚስት የታመነ ነው። አንድም ቀን ወገቤን አላለኝም።»

«የራስ ቁሩ ውስጥ ያለውን ስፖንጅ ማን ለጠፈው?»

«እኔ። ከትናንት በስቲያ። አሮጌው ስላለቀ።»

«እስቲ በዚያ መብራት ይሄን በር አሳየኝ። ቀለሙ ደስ ይላል።» ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የእጅ መብራት ጠቆመች። ቀቢዎች የቀለም እንከን የሚያዩበት ነው።

ቀቢው አልተነሳም። «ባትሪ የለውም። ሞቶ ጣልኩት።»

«መቼ?»

«እንጃ። ሰሞኑን።»

መርማሪዋ መብራቱን አንስታ የባትሪውን ባዶ ቦታ በጣቷ ለካችው። መልሳ ሰቀለችው። ስትወጣ በጋራዡ ጓሮ የቆሻሻ በርሜል ጋ ቆመች፤ ክዳኑን ከፍታ እጇን እስከ ክርኗ ድረስ ከተተች። ፖሊሱ ፊቱን አዞረ። ትልቅ ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት አወጣች። ከረጢቱን ስትፈለቅቀው ውስጡ በማስቲሽ ክር ክር እያለ ተላቀቀ።

*

በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁሉም በኋላ ክፍሉ ተሰበሰቡ። ውድድሩ የሚጀመረው በዚሁ ሰዓት ነበር። ጥሩሩ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። የራስ ቁሩ አጠገቡ ነው። መርማሪዋ የስኳር ቆርቆሮውን ባትሪው እንዳለበት መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው፤ ፀሐይ አርፋበት ያበራል። እናትየዋ ዓይኗን ከቆርቆሮው አልነቀለችም። ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ ሆና እጇን ይዛታለች። ቀቢው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ከጎኑ ፖሊስ አለ።

«ሐኪሙ ልጁ ከምን እንደሞተ ነግሮኛል» አለች መርማሪዋ። «አየር አጥሮት አይደለም። የማስቲሽና ማስቲሹን የሚያቀጥነው የቲነር ትነት ነው። በተዘጋ ነገር ውስጥ ከተማገ ልብን ቀጥ ያደርጋል።»

«ታዲያ ፋኗ ብትሠራ ያን ታወጣለት ነበር» አለች እናትየዋ። «እኔ ነኝ ያልኩሽ ለዚህ ነው።»

«ፋኗ ትሠራ ነበር።»

እናትየዋ ዓይኗን ከቆርቆሮው ወደ መርማሪዋ አዞረች።

«እርስዎ አንዱን ባትሪ ወሰዱ። እኔ ስደርስ ግን ቁሩ ላይ ሌላ ባትሪ ነበር።» ከኪሷ አወጣችው። «እስቲ እዩት። ዙሪያውን ፕላስተር የተላጠበት ሙጫ ቀርቶበታል፤ ከጫፉ ላይ ደግሞ ቢጫ ወረቀት፣ የጥፍር ቁራጭ የምታክል። በዚህ ጋራዥ ውስጥ ቢጫ ምልክት የሚያደርግ አንድ ሰው ነው። የእጅ መብራቱም ባዶ ነው፤ ይሄ ባትሪ ልክ ይገባበታል።»

«የሱ ባትሪ ቢሆንስ?» አለ ቀቢው። «ጥርሴ ራሱ ከግድግዳዬ ያነሳው ይሆናል። ዕቃ እንዋዋሳለን።»

«ይሆናል። ስለዚህ ባትሪውን እንተወውና ስለ ልብሱ እናውራ። ትናንት ልጁ ለእናቱ ‹ልብሱ ሰፋብኝ› አላቸው። እናት ከሳ ብለው ደነገጡ። ልጁ አልከሳም። ልብሱ ነው የሰፋው። አንድ ሰው ተርትሮ ጨርቅ ጨምሮበታል። ለምን? እሱ ራሱ ሊለብሰው። ማን? መርፌ መያዝ የማይችል፣ ሁሉን ነገር በማስቲሽ የሚፈታ፣ ከጥርሴም ወርድ ያለው ሰው። ልብስ ሰፊዋ ብትሆን በክር ትሰፋው ነበር፤ እሷም ብትለብሰው ትዋኝበታለች።»

«በማስቲሽ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ጥርሷን ነክሳ።

ቀቢው ላብ አጠመቀው። «እሺ፣ አሰፋሁት። እንዲያው ለፎቶ ነው። አንድ ፎቶ ልነሳበት። ሰው መግደል ነው እንዴ ይሄ? እኔ ቀለም ስረጭ ነበር አልኩ እኮ!»

«በኮምፕሬሰር።»

«አዎ፣ በኮምፕሬሰር።»

«ከስምንት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት በዚህ ሰፈር መብራት አልነበረም።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ ቀቢውን አየችው።

«የምትዋሸው መብራት መጥፋቱን እያወቅክ ቢሆን ኖሮ ሌላ ውሸት ትፈልግ ነበር» አለች መርማሪዋ። «አላወቅህም። ቀን ነው፣ አምፖል አልበራም። ኮምፕሬሰሩን አልነካኸውም። እዚህ ክፍል ነበርክ፤ የምትጠቀምባቸው ነገሮች ኤሌክትሪክ የማይፈልጉ ናቸው። መዝጊያ። ማሰሪያ። ባትሪ።»

የራስ ቁሩን አነሳች።

«ስፖንጁን የለጠፍከው አንተ እንዳልከው ቀደም ብለህ አይደለም፤ ትናንት ጠዋት ነው። ሦስታችሁም እንደምታውቁት ማስቲሽ የተለጠፈበት ቁር አንድ ቀን ሙሉ ክፍት ሆኖ ካልተናፈሰ አይደረግም። አንተ ግን እንዳይደርቅ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሰርከው። ከረጢቱ እኔ ጋ ነው። እናት ምሳ ይዘው ሲመጡ ሰው እንዳይጠረጥር ከረጢቱን ፈታኸው፤ ሲሄዱ መልሰህ አሰርከው። ስምንት ተኩል አለፈ፤ ልብስ ሰፊዋ ወጣች። አለበስከው። ጓንቶቹን አሰርክለት፤ ሁለት እጁ ጓንት ውስጥ ያለ ሰው የራሱን ማሰሪያ አያስርም። ቁሩን ልታደርግለት ስትል ግን ፋኗ አልነሳም አለች። ወረቀቱ አልተሳበም። በሕጋችሁ መሠረት እዚያ ላይ ያበቃ ነበር።»

ወደ እናትየዋ ዞረች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ይስሙኝ። ባትሪውን ስላወጡ ልጅዎ ያን ቁር ላያደርግ ነበር። ፍርሃትዎ ሊያድነው ነበር። ይሄ ሰው ነው ሮጦ ሌላ ባትሪ ያመጣው። ፋኗም ከውጭ የምትስበውን አየር በእርጥቡ ማስቲሽ ላይ አሳልፋ ፊቱ ላይ ነፋችው። ጉንፋን ስለነበረበት አልሸተተውም። እርስዎ አልገደሉትም።»

እናትየዋ ወደ ቆርቆሮው ተመለከተች።

«ሁለተኛ ባትሪ እንዳለ ምነው ባሰብኩ» አለች። «ሁሉን አስቤ ነበር እኮ። እሱን ብቻ አላሰብኩም።»

መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ብዙ ውሸት አፍርሳለች። ይሄን ግን በምን እንደምታፈርሰው አላወቀችም።

«ልገድለው አይደለም» አለ ቀቢው። አሁን ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል። «ማዘር፣ በእግዜር ስም፣ ልገድለው አይደለም። ማስቲሽ ራስ ያዞራል፣ እኔ በየቀኑ ያዞረኛል፣ አልሞትኩም። ዛሬ ጠዋት ራሱን ካመመው እኔ እለብሰዋለሁ ብዬ ነው። ስድስት ወር ቀባሁ። አሥራ አንድ ዓይነት ግራጫ ነው ያለው ላዩ ላይ፤ ማንም አይቆጥረውም። መድረክ ላይ ግን የሚጠራው የለበሰው ነው። አንድ ቀን ብቻ… ‹ስፖንጁ የራስህን ቅርጽ እስኪይዝ አሥር ደቂቃ ተቀመጥ› አልኩትና ጓሮ ወጣሁ።»

«ስትመለስስ?» አለች መርማሪዋ።

«ዝም ብሏል። ፈራሁ። ጥዬው ወጣሁ።»

«ጓሮው ከዚህ መስኮት አምስት እርምጃ ነው። መዝጊያው ዙሪያ ያለው ቀለም ተቧጥጧል። የሰማኸው ነገር የለም?»

ቀቢው እናትየዋን አየ፣ ወለሉን አየ።

«ሲያንኳኳ ሰምቻለሁ» አለ። «ግን… ያ ዘበኛ እኮ ሰላምታው ማንኳኳት ነው። እየቀለደብኝ መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ እየቀለደ መሰለኝ።»

እናትየዋ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ልብስ ሰፊዋ ልትይዛት ብትሞክር እጇን አስለቀቀች። ሄዳ ቀቢው ፊት ቆመች። ሰው ሁሉ ትመታዋለች ብሎ ጠበቀ።

«ስንት ጊዜ አንኳኳ?» አለችው።

«ማዘር…»

«ስንት ጊዜ?»

«እንጃ። ብዙ።»

«ዘበኛው ሁለት ጊዜ ነው የሚያንኳኳው» አለች። «ከሁለት አይበልጥም። እኔ ጨዋታ የማላውቀው እንኳ አውቃለሁ።»

ፖሊሱ የቀቢውን ብብት ይዞ ሲያነሳው ያ ሁሉ ደረት እንደ ባዶ ጥሩር ተጣጠፈ። ይዘውት ወጡ። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን በካባው ሸፍና አለቀሰች፤ ትናንት የተከለችው ቁልፍ ጉንጯ ላይ ምልክት አሳረፈ።

መርማሪዋ ለእናትየዋ የምትለው አንዳች ነገር ፈለገች። ሁሉንም አረጋግጣለች፤ ባትሪውን፣ ስፌቱን፣ መብራቱን፣ ከረጢቱን። ከነዚህ ውስጥ አንዱም ወጥ ቤት በር ላይ ኳ ኳ የሚያደርግ አይደለም።

«ልሸኝዎት?» አለች በመጨረሻ።

እናትየዋ አልሰማቻትም። ወደ መስኮቱ ሄደች። የስኳር ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ከፀሐይ ላይ አንስታ፣ ጥላ ባለበት የጠረጴዛው ጥግ አስቀመጠችው፤ ክዳኑ መገጠሙንም በጣቷ አየች።

«ሙቀት አይወድም» አለች። «ይፈነዳል። አንቺንም ቤት የሚጠብቅሽ ሰው ይኖራል።»